ሩዝ ውስጥ የኖረ ድንጋይ

እኔ ድንጋይ ቆራጭ ነኝ። ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ እንደዚህ ብዬ ነው የምመልሰው። አብዛኛው ሰው የመቃብር ሐውልት የምሠራ ይመስለዋል፤ እኔም አላርመውም፣ ማን ቆሞ ያስረዳል። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለ አንድ ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ጂኦሎጂስቶች የሚያመጡትን ድንጋይ በመጋዝ እቆርጣለሁ፣ መስታወት ላይ እለጥፋለሁ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አሳሳዋለሁ። እነሱ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ዲፕሎማ አለኝ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራዬ ምን እንዳደረሰብኝ ልናገር ስለሆነ ነው።

አባቴ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ማዕድን የሚፈልጉ ሰዎችን በመኪና ይዞ ሀገር ለሀገር ዞሯል። እኔን ወደዚህ ሙያ ያስገባኝም እሱ ነው፤ አብረውት የሚበሉትን የተማሩ ሰዎች ያደንቅ ነበርና ከልጆቹ አንዷ እነሱ ጠረጴዛ ላይ እንድትቀመጥ ፈለገ። እናቴ ከሞተች በኋላ ጎፋ ባለው ቤቱ ብቻውን ኖረ። ልቡ ሲደክምና እግሩ ማበጥ ሲጀምር ግን እምቢታውን አልሰማሁም፣ ለቡ ወዳለው ቤቴ አመጣሁት። ይዞት የመጣው አንድ ሻንጣ ልብስ፣ መጽሐፍ ቅዱሱ፣ የመፍቻ ሳጥኑና አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነው። የቆርቆሮው ክዳን ከመኪና የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው አባዬ?» አልኩት።

«ድንጋይ ነው። አትክፈችው።»

«ድንጋይማ ሥራ ቦታ ሞልቶኛል።»

«እንደዚህ ያለ የለሽም» አለ፣ ኮስተር ብሎ።

ታሪኩን ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፣ ግን እንደ ቀልድ ነበር የሰማሁት። ለቡ ከመጣ በኋላ ቁጭ ብሎ እንደገና ነገረኝ። በወጣትነቱ በምዕራብ በኩል አንድ ኮረብታ ሥር፣ ድሮ ሌሎች ሰዎች ቆፍረው ትተውት የሄዱት ዋሻ ነበር። ጂኦሎጂስቶቹ ውጭ ሲለኩ እሱ ጥላ ፍለጋ ገባ። ጊዜው ጥር ነው። የእጅ ባትሪውን ሲያበራ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ብርቱካናማ ሆኖ አገኘው። ቀረብ ብሎ ሲያይ ቀለም አይደለም፤ ከስኳር ቅንጣት የማይበልጡ፣ ጥርት ያሉ፣ ጠርዝና ጎን ያላቸው ብልጭልጮች ናቸው። በጥፍሩ ጫር ሲያደርጋቸው ፍርፍር አሉ። አለቃቸውን ጠራ። አለቃው ያኔ ከውጭ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ጂኦሎጂስት ነበር። አየት አደረገና «ቫናዲየም ያለበት ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ ድንጋዩ ያላበው ዝገት ነው፣ ተወው» ብሎት ወጣ።

አባቴ ግን ቫናዲየም የሚለውን ቃል ያውቀዋል። መፍቻዎቹ ላይ ተቀርጿል። ብረቱ ቶሎ እንዳይሰበር የሚቀላቀልበት ነገር እንደሆነ አንድ መካኒክ ነግሮት ያውቃል። በየቀኑ በእጁ የሚይዘው ነገር ዋሻ ውስጥ እንደዚያ አምሮ ሲያገኘው ነገሩ ከልቡ ገባ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ እዚያው ተመልሰው ሄዱ፣ እሱም ሮጦ ዋሻው ገባ። ግድግዳው እርጥብ ነው፣ ባዶ ነው፣ አንዲት ቅንጣት የለም። በቀጣዩ ጥር ሲመለሱ ደግሞ ግድግዳው እንደበፊቱ ብርቱካናማ ሆኗል። በሦስተኛውም ዓመት እንደዚያው። ያን ጊዜ አለቃውን «ይሄ ነገር ዝገት አይደለም፤ ዝገት ውሃ ይወዳል። ይሄ በበጋ ይበቅላል፣ ውሃ ሲነካው ይሄዳል» አለው።

ሳቁበት። ማታ እሳት ዳር ሆነው «ሹፌራችን ፕሮፌሰር ሆነ» ተባባሉ። ከዚያ ወዲያ በካምፑ ሁሉ ስሙ ፕሮፌሰር ሆኖ ቀረ። አብሯቸው ይስቅ ነበር፣ ግን እንደቆረቆረው አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ያንን ቅጽል ስም እኛ ቤት ውስጥ ማንም እንዲጠራው አይፈቅድም ነበር። እሱ ቡጢ የሚያህል ቁራጭ ከነብልጭልጩ ፈልፍሎ አውጥቶ ወተት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠው። እናቴ የጨው ዕቃ ውስጥ እርጥበት እንዲመጥ ሩዝ ስትጨምር አይቷልና እሱም ድንጋዩን ሩዝ ውስጥ ቀበረው። ክረምት ሊገባ ሲል በየዓመቱ ሩዙን ይቀይርለታል። ኮረብታው በኋላ ለመንገድ ጠጠር ተፈጭቶ አለቀ። ዋሻውም፣ ግድግዳውም፣ ሁሉም አሁን አስፋልት ሥር ነው። የቀረው ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

«ምን እንደሆነ ሳላውቅ አልሙት» አለኝ። «ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። እነዚያ የተማሩት ሰዎች አንዴ ይዩትና ምን እንደሆነ ይንገሩኝ።»

አንጀቴን በላኝ። ሐኪሙ ለእኔ የነገረኝን ለእሱ አልነገርኩትም፣ ግን ሰውዬው ሞኝ አይደለም፣ ሞተር ሲደክም በድምፁ የሚያውቅ ሰው ነው።

እንደ ዕድል ሆኖ በዚያው ወር ላቦራቶሪያችን እንግዳ ሊመጣ ነበር። ቫናዲየም ያለባቸውን ማዕድናት ብቻ የሚያጠና የውጭ ሀገር ሰው። ስለ ድንጋዩ በኢሜይል ጻፍኩለት። ወዲያው መለሰልኝ። እንደዚህ በአሮጌ ዋሻ ግድግዳ ላይ የሚበቅሉ የቫናዲየም ማዕድናት ጥቂት እንደሆኑ፣ አንዳንዶቹ በዓለም ላይ ከአንድ ቦታ በስተቀር ታይተው እንደማያውቁ ጻፈ። ምናልባት የታወቀ ዓይነት ይሆናል፣ ምናልባትም እስካሁን ስም ያልወጣለት። ሐሙስ አምጪው አለ። ለአባቴ ሳነብለት ከአልጋው ተነስቶ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጢሙን በየማለዳው ይላጭ ጀመር፣ እንግዳው እሱን ለማየት የሚመጣ ይመስል።

ረቡዕ ጠዋት ቆርቆሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ ታክሲ ተሳፈርኩ። ሥራ ቦታ እንደደረስኩ ስልኬ ጮኸ።

«ውሃ እንዳታስነኪው» አለኝ አባቴ።

«እሺ አባዬ።»

ሻይ ሳልጨርስ እንደገና ደወለ። «ውሃ እንዳይነካው ብዬሻለሁ።»

«ነግረኸኛል እኮ።»

ቆርቆሮውን ልከፍት ስል ሦስተኛ ጊዜ ደወለ። በዚህኛው ደሜ ፈላ። «አባዬ፣ አንተን መኪና መንዳት አስተምሬህ አውቃለሁ? በቃ ተወኝ፣ ሥራዬን አውቃለሁ» አልኩት። «እሺ እናቴ» ብሎ ዘጋው።

ቆርቆሮውን ከፈትኩት። ሩዙ ነቅዟል። ዱቄቱ ድንጋዩ ላይ ተጋግሮ፣ ነቀዙ ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ፣ የሞተ ትል ሳይቀር ተለጥፎበት፣ ነገሩ ሁሉ ከጓዳ የወጣ የተበላሸ ምግብ መሰለ። በዱቄቱ መሀል ወደ ቢጫ የገረጣ ብርቱካናማ ነገር ይታያል። እውነቱን ልናገር፣ ሳየው ያሰብኩት ዝገት ነው ብዬ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ዝገት ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። አባቴን አሰብኩት፣ ጢሙን ተላጭቶ ስልኩን ይዞ የሚጠብቀውን። ነገ ያ ሰው ቆርቆሮውን ከፍቶ ነቀዝ ሲያይ ፈገግ ሲል ታየኝ። ድሮም ስቀውበታል፣ ዳግመኛ በእኔ ፊት ሊስቁበት ነው። እንግዳ ፊት የቆሸሸ ነገር አይቀርብም፣ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው።

ደግሞ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ከአፋር የጨው ድንጋይ ሲመጣልን ውሃ አናስነካውም፣ መጋዙን በውሃ ፋንታ በነጭ ጋዝ እያራስን ነው የምንቆርጠው። ጋዙ እዚያው መደርደሪያው ላይ ነበር፣ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ግን ይሄንን ያለኝ ሹፌር ነው። አባቴ ነው፣ እወደዋለሁ፣ ግን ሹፌር ነው። እኔ ደግሞ ባለ ዲፕሎማ ነኝ። ለስላሳ ብሩሽ አነሳሁ፣ ቧንቧውን ከፈትኩ።

ውሃው ወዲያው ቢጫ ሆነ። መጀመሪያ የሩዙ እድፍ መሰለኝ። ከዚያ እየደመቀ እንደ እንቁላል አስኳል ሆነ። ቧንቧውን ዘጋሁ። ድንጋዩን ወደ መስኮቱ ይዤ ሄድኩ። አመድማ፣ ንጹሕ፣ ተራ ድንጋይ። መንገድ ዳር ብታዩት የማታነሱት ዓይነት። ገንዳው ሥር የቀረውን ቢጫ ውሃ በእጄም በጨርቅም እያፈስኩ አንድ ሳህን ላይ ሰበሰብኩት፤ የቀረው በቱቦው ሄዷል። መታጠቢያው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የሥራ ባልደረባዬ ገብታ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ «አባቴ አሞታል» አልኳት። እሱም ውሸት አልነበረም።

ሳህኑን ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጬው አደረ። ጠዋት ውሃው ደርቆ፣ ሳህኑ ላይ ስስ ብርቱካናማ ቅርፊት ቀርቷል። እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። እንግዳው መጣ። ትሁት ሰው ነው። የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኩት፤ የደበቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ማን ነው ያገኘው ሲለኝ «አንድ ሹፌር» አልኩት። አባቴ ነው ማለት ከአፌ አልወጣም።

ንጥረ ነገር የሚለይ የእጅ መሣሪያውን ሳህኑ ላይ ደገነ። ቫናዲየም ሞልቶበታል። ድንጋዩ ላይ ደገነ፣ ምንም የለም ማለት ይቻላል። በማጉያ መነጽር ስንጥቆቹን ሁሉ እያዞረ አንዲት ቅንጣት ፈለገ። ብዙ ሰዓት ፈለገ። ከዚያ መነጽሩን አስቀምጦ አስረዳኝ። ውሃው አንዴ ከበተነው በኋላ ሲደርቅ እንደገና የሚያዘው ቅርጽ የመጀመሪያው አይደለም። በዚያ ላይ ማዕድን የሚባለው ተፈጥሮ ራሷ ያበቀለችው ነው፤ በሰው ሳህን ላይ የደረቀ ነገር፣ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ ማዕድን ተብሎ አይመዘገብም። «ሌላ ቁራጭ ከቦታው ማምጣት ይቻላል?» አለኝ። ቦታው አስፋልት ሆኗል አልኩት። ሳህኑን ቀስ አድርጎ ወደ እኔ ገፋው። አዲስ ይሁን የታወቀ፣ አሁን ማንም ሊያውቅ እንደማይችል ነገረኝ።

ወደ ቤት ስሄድ ከታክሲ ወርጄ በእግሬ ዞር ዞር አልኩ፣ ፊቱን ላለማየት። በየመንገዱ ቤት እየተሠራ ጠጠር ተቆልሏል፤ ጠጠር ማየት አስጠላኝ። ስገባ ሸሚዙን ለብሶ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«እህ?» አለኝ።

እውነቱን ልነግረው ነበር። በደጁ ስገባ ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር። ግን ያበጠውን እግሩን፣ የተላጨውን አገጩን ሳየው ቃሉን ዋጥኩት። «ቫናዲየም ነው» አልኩት። «ሞልቶበታል።»

«አዲስ ነው?»

«ወስደውት እያዩት ነው። አዲስ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል።»

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ። «ውሃ እንደማይወድ ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«ሹፌሩ ልክ ነው አሉ።»

አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት እናቴ የሞተች ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ለሁለተኛ ጊዜ አየሁት። ድምፅ አላወጣም፤ በመዳፉ ፊቱን እየጠረገ «ተመስገን ጌታ ሆይ» ይላል። እኔ ወጥ ላማስል ብዬ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመናገር አፍራለሁ። ደስ ብሎት ሰነበተ። በስልክ ያላወራለት ሰው የለም። የድሮ የሥራ ጓደኞቹን አንድ በአንድ እየፈለገ ደወለላቸው። ያኔ የሳቁበት አለቃው ሳይቀሩ ቁጥራቸው ተገኝቶ ደወለላቸው፤ አሁን ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሊጸልዩለት የሚመጡትን ሁሉ ከጸሎቱ በፊት ስለ ድንጋዩ ይነግራቸዋል። «የተማሩት ሰዎች ሹፌሩ ልክ ነው አሉ» ይላል። እኔ ውሃ ልቅዳ፣ ሻይ ላምጣ እያልኩ እወጣለሁ። በየሳምንቱ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ይለኛል፣ እኔም «ይሄ ነገር ጊዜ ይወስዳል» እለዋለሁ። ሰው እንዴት በዚህ ሁሉ ውሸት መሀል በሰላም ይበላል ትሉ ይሆናል። እበላ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ደብተር አምጪ አለኝ። በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪኩን ሊያጽፈኝ ነው። ተቆጣሁት፣ ምን ያቻኩልሃል አልኩት። «የመኪና ሰነድ መኪናው እየሠራ እያለ ነው የሚስተካከለው፤ ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። የት እንደተወለደ፣ መንጃ ፈቃድ መቼ እንዳወጣ፣ ጌታን መቼ እንደተቀበለ፣ እናቴን እንዴት እንዳገባ። በሰባት መስመር አለቀ። መጨረሻ ላይ ትንሽ አሰበና «ስምንተኛ መስመር አለ» አለ። «በሥራ ዘመኑ አንድ ድንጋይ አገኘ፤ ጠባዩንም በትክክል አወቀ። በይ፣ እንደዚሁ ጻፊው፣ አታሳምሪው።»

ሞተ። ደብተሩን ባጻፈኝ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ትራሱን ላስተካክልለት ስል በእጄ ላይ ነው ያረፈው። ከመሞቱ በፊት ልንገረው ብዬ ስንት ጊዜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ተነስቻለሁ። አሁንም አንዳንዴ ብነግረው ኖሮ ምን ይለኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ይቅር ይለኝ ነበር። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፣ ይቅር እንደሚለኝ ማወቄ።

ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ደብተሩን ይዤ ወደ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የምትጽፈዋ ልጅ ሰባቱን መስመር ጻፈች። ስምንተኛው ላይ ስትደርስ «ይሄ ይቅር» አልኳት። ሕዝብ ፊት፣ በሬሳው ላይ፣ የእኔ ውሸት ሲነበብ ልሰማ አልቻልኩም። ለእሱ ብዬ አልነበረም፣ ለራሴ ነው። ቀብሩ ላይ አገልጋዩ ጮክ ብሎ አነበበ፣ ሰባቱም መስመር አለቀ፣ ሰው አሜን አለ፣ አፈሩ ተመለሰ።

ሰው መበተን ሲጀምር አንድ ሽማግሌ ከዘራ ይዘው ወደ እኔ መጡ። አይቻቸው አላውቅም። ነፍስ ይማር ካሉኝ በኋላ አለቃው እንደነበሩ ነገሩኝ።

«ድንጋዩ ሳይነበብ ቀረ» አሉኝ። «በቀብሬ ላይ ይነበባል ብሎኝ ነበር፤ እኔ ያን ያህል ከሩቅ የመጣሁት እሱን ልሰማለት ነበር። ያን ጊዜ ስቄበታለሁ። ደውሎ ሲነግረኝ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ግን በስልክ ነው። ዛሬ ቆሜ ልሰማለት ፈልጌ ነበር። የት ነው ያለው? ላየው እችላለሁ?»

ለእሳቸው መዋሸት አቃተኝ። «የለም» አልኳቸው። «አጥቤዋለሁ። ቧንቧ ሥር።»

«እንዳታጥቢው አልነገረሽም?»

«ሦስት ጊዜ ደውሎ ነግሮኛል።»

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም። ሹፌሩ ልክ ነው አሉ ብዬው ነው የሞተው።»

«እሱማ እውነት ነው» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ልክ ነበር።»

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። ሊያጽናኑኝ መሰለኝ፣ ግን እሳቸውም ሚዛናቸውን ሊጠብቁ ነው። አባቴ ልክ እንደነበር ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ሁለታችን ነን። ሁለታችንንም በራሱ አፍ ነግሮን ነበር፣ ሁለታችንም ሹፌር ነው ብለን አልሰማነውም።